ከምስሉ በፊት የሚሰጥ ብርድ ልብስ፦ የታላቅ እኅታችን የእታለም የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እኅታችን እታለም ከፎቶ አንሺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም.፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ተከትለናቸው የመጣነው ሦስት ታናናሾቻቸው አፋችንን ስንፈታ «እታለም» አልናቸው፤ ሰፈሩ ከእኛ ተቀበለ፤ መሥሪያ ቤቱ ከሰፈሩ ተቀበለ፤ በመጨረሻም ያገቧቸው ሰው ሳይቀሩ በዚሁ ጠሯቸው።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ደፋር ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። እታለም ግን ፈሪ ነበሩ። ይህን የምንጽፈው እንዲጻፍ ራሳቸው ስላዘዙ ነው። ውሻ ይፈሩ ነበር፤ የታሰረውንም። ነጎድጓድ ይፈሩ ነበር፤ መደገፊያ የሌለው ደረጃ ይፈሩ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ከራት በኋላ የሚጮህ ስልክ ይፈሩ ነበር። «በዚህ ሰዓት ስልክ ለደግ አይጮህም» ይሉና፣ ደዋዩ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ሆኖ ሲገኝ እንኳ አያርፉም። «ታዲያ የማንን ቤት ሊያረዳ ኖሯል?» እያሉ ለማያውቁት ቤት ሲጨነቁ ያመሹ ነበር።

ፊታቸው ግን አይፈራም። ይህ ከአባታችን የተማሩት ሙያ ነው። በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፎቶ ቤት ገብተው ከመብራቱ ጎን ነጭ አንሶላ ዘርግተው በመያዝ ብርሃን ያቀኑ ነበር። አባታችን እንደሚሉት፣ ፎቶ የተነሣ ሰው ወዲያው የሚያየው የፎቶ አንሺውን ፊት ነው። ዓይኑ ተጨፍኖ እንደሆነ፣ ፊልሙ ተቃጥሎ እንደሆነ ከዚያ ያነባል። «ፎቶው ቢበላሽ ፊትሽ አይበላሽ» ይሏቸው ነበር። «ፎቶ ይደገማል። የደነገጠ ሰው ግን ሲደገምም የደነገጠ ሆኖ ነው የሚወጣው።» ፈሪዋ ልጅ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ያዙት። ውሻ ሲመጣ ሁላችን ስንጮህ እርሳቸው ፊታቸውን አይለውጡም፤ እጃቸውን የያዘ ወንድም ብቻ ጣቶቹ ሲደቁ ያውቅ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. እናታችን አረፉ። ያን ጊዜ የተነበበው የሕይወት ታሪክ «ባደረባቸው ሕመም» ይላል። ሕመሙ ምን እንደሆነ የጠየቀ ልጅ ዝም በል ተባለ፤ የጠየቀ ትልቅ ሰው አልነበረም። እታለም ግን አንድ ነገር አይተው ነበር። እናታችን በመጨረሻው ዓመታቸው የራሳቸውን ቀሚሶች አንድ በአንድ እየፈቱ በግራ ደረታቸው በኩል ያሰፉ ነበር። ከዚያ ደግሞ በዚያው በኩል ከውስጥ ጨርቅ ይደርቡ ጀመር። ልብስ ሰፊ ስለነበሩ፣ መርፌ ይዘው ባየናቸው ጊዜ ሁሉ ምን ትሰፊያለሽ ያላቸው የለም። ከቀሚሶቹ አንዱ፣ አረንጓዴው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ለእታለም ያ ቀሚስ ከውሻም ከነጎድጓድም የሚብስ ነገር ሆነ። ሲያገቡም ይዘውት የሄዱትን ያንን ቁም ሣጥን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የሚዘጉት ዞር ብለው በጀርባቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ በራጅ ማንሣት ሙያ ሠልጥነው በ1977 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት በከተማው ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ሥራ ጀመሩ። ጥላዋን የምትፈራ ልጅ እንዴት ጨለማ ክፍል መረጠች ብለው ለሚጠይቁ አባታችን «ፎቶ ቤት አይደል ያደገችው» ይሉ ነበር። እውነቱ ግን ቀሚሱ ነው። እታለም የማይታየውን ነገር ይፈሩ ነበር። ሲያዩት ደግሞ የበለጠ ይፈሩት ነበር። ከሁለቱ ፍርሃት የሚያዩትን መረጡ።

በ1980 ዓ.ም. ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት በሥራ መንገድ ላይ ነው። እታለም ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጠው ወደ ፊት አንገታቸውን ያሰግጉ ነበር። ሹፌሩ ይህን በመስታወት ሲያዩ ሰንብተው አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው ወይስ ፍሬኑን የምታዪው?» አሏቸው። እታለም «ፍሬኑን» አሉ። ትዳሩ በዚህ መልስ ተጀመረ። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬን በድንገት ረግጠው እንደማያውቁ ተሳፋሪ የነበሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። በ1983 ዓ.ም. ሴት ልጅ፣ በ1987 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የጡት ራጅ ክፍል ሲከፍት እታለም ወደዚያ ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። ሥራው እንዲህ ነበር። ሴቲቱ ከወገብ በላይ ራቁቷን ቆማ፣ ጡቷ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ይጫናል። «አትተንፍሺ» ይባላል። ከዚያ «ተንፍሺ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ፍርሃት ነው። ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ሲስተር፣ ምን አየሽ?»

«ሐኪሙ ይነግርሻል።»

«እሱ እስኪነግረኝ አንቺ በፊትሽ ንገሪኛ።»

«ፊቴ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲሁ ነው የኔ እኅት። ልብስሽን ልበሺ።»

ይህ አባባላቸው ወደ ቤትም መጣ። ሾርባው ጨው በቅቶት እንደሆነ የጠየቀ «ሐኪሙ ይነግርሃል» ይባላል። ባለቤታቸውም መንገድ ተዘግቶ ተሳፋሪ «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ሲላቸው ወደ ኋላ ሳይዞሩ «ሐኪሙ ይነግርዎታል» ይሉ ነበር።

ወጣት ባለሙያዎች ለልምምድ ሲመጡ እታለም የሚያስተምሩት ማሽኑን አልነበረም፤ ማሽኑን ሌላም ሰው ያስተምራል። እርሳቸው የሚያስተምሩት ከምስሉ በኋላ ያለውን ጥቂት ጊዜ ነው። «ሴቲቱ ፊታችሁን ብቻ አታነብም» ይሏቸው ነበር፤ «ደግነታችሁንም ታነባለች። ከምስሉ በፊት ‹ተነሺ› ያላችኋትን ሴት ከምስሉ በኋላ ‹ቀስ ብለሽ ተነሺ የኔ እናት› ካላችኋት ነግራችኋታል። ከሐኪሙ በፊት፣ ያለ ማስረጃ፣ ያለ መድኃኒት ነግራችኋታል። ከምስሉ በፊት የነበራችሁትን ያህል ደግ ሁኑ፤ አንዲት ማንኪያ አትጨምሩ።»

ከተማሩት አንዷ ቁመቷ በሩን ስለሚነካ ሎጋዋ የምትባለው ናት። መጀመሪያ ሲያዩዋት ለሥራው የምትሆን አልመሰላቸውም፤ ክፉ ምስል ባየች ቁጥር ዓይኗ ይሞላ ነበርና። እታለም ከባድ ከባዱን ምስል እየመረጡ ያሳዩዋትና ወዲያው ከመጋረጃው ወጥታ «ልብስሽን መልበስ ትችያለሽ» እንድትል ያደርጓት ነበር።

«ድምፅሽ ቀጠነ። ድገሚ።»

«ልብስሽን መልበስ ትችያለሽ።»

«አሁን ደግሞ የመቃብር ዘበኛ መሰልሽ። ድገሚ።»

ሎጋዋ በመጨረሻ ተካነችበት። ከእታለም ቀጥሎ ፊቷ የማይነበብ ሰው እርሷ ሆነች።

በ2006 ዓ.ም. በዚያው ምድር ቤት ትልቁ ማሽን፣ ኤም አር አይ የሚባለው፣ ተተከለ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ጥናት መጣ። ዓላማው የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች የወደፊት ዕጣ በምስል አስቀድሞ ይታወቅ እንደሆነ ለማየት ነበር። በክንድ ደም ሥር በኩል ቀለም ይሰጣል፤ ክፉው እጢ ብዙ ደም ስለሚስብ ቀለሙን ቶሎ ይጠጣና በምስሉ ላይ ያበራል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አንድ ምስል ይነሣል። ከሁለተኛው ዙር መድኃኒት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው። የሚያበራው ነገር ክፉኛ ከሟሸሸ ለዓመታት ደኅና የመሆን ተስፋ ትልቅ ነው። እንደነበረ እያበራ ከተገኘ ግን ሕመሙ የመመለሱ ነገር ያሠጋል። በምድር ቤቱ ውስጥ ሁለተኛውን ምስል «ነጋሪው» ይሉት ነበር። እታለም ከሎጋዋ ጋር የብዙ ሴቶችን ነጋሪ አንሥተዋል። ነጋሪያቸው ካበራባቸው መካከል ከዓመታት በኋላ ተመልሰው የመጡትን ያውቋቸዋል። መምጣት ያቆሙትንም ያውቋቸዋል። ከዚያ ወዲያ የፍርሃታቸው መልክ ተለወጠ፤ ድሮ በጭፍን ይፈሩ የነበሩት ሰው አሁን አውቀው ይፈሩ ጀመር።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ነበር። እታለም ራሳቸው የጡት ራጅ ተነሥተው አያውቁም። ልጃቸው «እማ፣ አንቺስ?» ስትላቸው «እኔ ክፍሉ ውስጥ አይደል የምውለው» ይሏት ነበር፤ ምስል እንደ ጭስ ልብስ ላይ የሚቀር ይመስል። በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን ባለ ቀጠሮ ቀረች። ሎጋዋ በሩን ዘጋችና ቁልፉን ጋውኗ ኪስ ከተተች።

«እትዬ፣ ማሽኑ ሞቆ ቁጭ ብሏል። ይግቡ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ሥራዎ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ። አትተንፍሺ ብዬ ልጀምር?»

ተነሡ። ሎጋዋ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። ፊቷ ያው ነበር፣ ድምፅዋ ያው ነበር። «ልብስዎን መልበስ ይችላሉ» አለች።

«ምን አየሽ?»

«ሐኪሙ ይነግርዎታል።»

እታለም ያን ቀን ማታ ለባለቤታቸው «ያስተማርኳትን አንዲት ሳታጎድል አወጣችው፤ በገዛ ዱላዬ ተመታሁ» አሉ። ሐኪማቸውም በሁለተኛው ቀን ነገሯቸው። በግራ ጡታቸው ካንሰር ተገኘ። እናታችን ቀሚሳቸውን ባሰፉበት በኩል ማለት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መድኃኒት እንዲወስዱ፣ በጥናቱም ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ። ሐኪማቸው ምክንያቱን ሲያስረዱ «ይህ ምስል ስለ መቶ ሴቶች በአንድነት ያውቃል፤ ስለ አንዷ ግን ማለት የሚችለው ምናልባት ብቻ ነው» አሏቸው። እታለም አመስግነው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ለባለቤታቸው «የመቶዎቹ ችግር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከነሱ አንዷ እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለተኛው ዙር መድኃኒት ካለቀ በኋላ ነጋሪው የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ፀጉራቸው ሄዶ ነበር። በሚያውቁት አልጋ ላይ በደረታቸው ተኙ። ለሌላ ሴት በስንት ጊዜ ያስጨበጡትን፣ ሲጨነቁ የሚጫኑትን የጎማ ኳስ ጨበጡ። ማሽኑ ማንኳኳት ጀመረ። በር የሚደበድብ ሰው ይመስላል ይሉ ነበር፤ የማይከፈትለት፣ የማይሄድም። ኳሱን አልተጫኑም። በኋላ ሲታይ ግን በባዶው እጃቸው መዳፍ ላይ ጥፍራቸው የገባበት ምልክት ነበር።

ምስሉ አለቀ። ከአልጋው ወርደው መርፌው እስኪነቀልላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ ክፍል ለማሽኑ ሲባል ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ሎጋዋ ወጣች። ፊቷ ያው ነበር። «ጨርሰናል» አለች፤ ድምፅዋም ያው ነበር። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ ግራጫ ብርድ ልብስ አወረደች፣ በእታለም ትከሻ ላይ አለበሰችና ጠርዙን በአገጫቸው ሥር ሰበሰበችው።

ከምስሉ በፊት ብርድ ልብስ አልሰጠቻቸውም ነበር።

እታለም መርፌው ተነቅሎላቸው ልብሳቸውን ለበሱ። ያን ዕለት ቤት ሲገቡ ግን በሩን ሳይዘጉ ቁጭ ብለው «ነገረችኝ» አሉ።

«ማን? ሎጋዋ? ምን አለችሽ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ምንም። ብርድ ልብስ አለበሰችኝ።»

«በርዶሽ ይሆናላ!»

«ሲበርደኝ ከርሟል። ደግ የሆነችው ከምስሉ በኋላ ነው።»

በጥናቱ ሥርዓት ምስሉን ሁለት ሐኪሞች ሳይነጋገሩ፣ ለየብቻ መለካት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ውጤቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። እነዚያን ቀናት በዚያ ቤት የነበረ ሰው አይረሳቸውም። ልጃቸው «እማ፣ ኮምፒውተሩ የሥራ ቦታሽ ነው፤ ለምን ገብተሽ አታዪም?» ስትላቸው «የሰው አያለሁ፤ የኔን ሐኪሙ ይነግረኛል» አሉ። ባለቤታቸው ሲፈሩ የሚቆጡ ሰው ናቸው፤ የጓሮውን በር ማጠፊያ፣ የቧንቧውን ነጠብጣብ፣ የጎረቤቱን ድመት በየተራ ተቆጡ። ልጃቸው እቃ ስታጥብ እጇን ውሃ ውስጥ እንደነከረች ትቆማለች። በቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ደግ ሆነ፤ እርሱ ነበር ከሁሉ የሚያስፈራው።

እታለም ተሰናዱ። ባለቤታቸውን የውሃው መዝጊያ የት እንዳለ፣ የትኛው ሳሙና ለነጭ ልብስ እንደሆነ አስተማሯቸው። ባለቤታቸውም «አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም፤ አንቺ አለሽ» እያሉ ተማሩ። ልብሶቻቸውን ለዘመድ አከፋፈሉ። ሰማያዊውን የክረምት ኮት፣ ከሁሉ የሚወዱትን፣ ለግድግዳ ተጋሪ ጎረቤታቸው ሰጡ። ጎረቤታቸውም አልቅሰው፣ እምቢ ብለው፣ ወሰዱት። ቁም ሣጥኑ ባዶ ሲሆን አረንጓዴው ቀሚስ ብቻ ቀረ። እርሱን ውሰዱ የሚሉት ሰው አልነበረም። ያን ቀንም ሣጥኑን በጀርባቸው ዘጉት።

ቀኑ ደርሶ ባለቤታቸውና ልጃቸው ግራና ቀኝ ሆነው ሐኪሙ ዘንድ ገቡ። ሐኪሙ ወረቀቱን አዩና «ሁለቱም ለኪዎች ተስማምተዋል። ያበራ ከነበረው ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ከዚህ የተሻለ ነጋሪ በዚህ ዓመት አላየንም» አሉ።

«የማን?» አሉ እታለም።

«የእርስዎ ነዋ።»

«እባክዎ ስሙን ደግመው ይዩልኝ።»

ሐኪሙ ደግመው አዩ። እታለም በዚህም አላመኑም። ከዚያ ወጥተው ባለቤታቸው እየተከተሏቸው ደረጃውን ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ መደገፊያውን ሳይዙ ደረጃ ሲወርዱ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሎጋዋ ለሌላ ሴት አልጋ ታነጥፍ ነበር።

«ያን ብርድ ልብስ ለምን አለበስሽኝ?»

ሎጋዋ አንሶላውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። «ደስ ብሎኝ ነዋ እትዬ! ምስሉ ሲወጣ… ምን ላድርግ? ፊቴን ያዝኩት። ድምፄን ያዝኩት። እጄ አመለጠኝ!»

«እኔን እኮ ገደልሽኝ። ኮቴን ሰጥቼዋለሁ!»

«መጥፎው ሲመጣ እንዴት እንደምይዘው ነው ያስተማሩኝ። ደጉን እንዴት እንደምይዘው መቼ አስተማሩኝ?»

እታለም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስለ ደጉ አላሰብኩበትም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን በሰላም ፈጽመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኮቱንም ጎረቤታቸው በክብር መልሰዋል፤ ነገር ግን በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ለራሳቸው ቁመት አሳጥረውት ነበር። እታለም ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ላይ በማይደርስ ኮት ክረምቶቹን አሳለፉ፤ ብርድ ነው የሚል ሰው ሲገኝ ወደ ግድግዳው በኩል አሻግረው ይመለከቱ ነበር። ጎረቤታቸው ዛሬም ከመካከላችን አሉ። ኮቱ በኑዛዜ ተሰጥቷቸዋል፤ የአሁኑ አይመለስም።

በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ሲገለሉ የምድር ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ፊታቸውን ይዘው ሊሸኟቸው ተስማሙ፤ አንድም ሰው አልቻለም። በየዓመቱ ግን ለቁጥጥር ይመለሱ ነበር። በየዓመቱ ቀጠሮው ሲቃረብ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ባለቤታቸው ማጠፊያውን ይቆጣሉ። ማሽኑ አንኳኩቶ ሲጨርስ ሎጋዋ ምንም ሳትናገር ግራጫውን ብርድ ልብስ ታመጣና ታለብሳቸዋለች። ምስሉ ደኅና ነው የሚባባሉበት የሁለቱ ምልክት ሆነ። ባለቤታቸውም ኮሪደሩ ላይ ቆመው በሩ ሲከፈት ፊት አያዩም፤ ትከሻ ነው የሚያዩት። ሕመሙ ከተገኘ ጀምሮ እንዲህ ስምንት ዓመት ኖሩ። በእነዚህ ዓመታት ልጃቸውን ድረዋል፣ ወንድ ልጃቸውን አስመርቀዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፣ ውሻ ሲያዩም መንገድ ተሻግረዋል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር። ሕፃን አዝዬ ነው አሉ። ሕፃኑ መሄድ ከጀመረ ሰንብቷል። ወደዚያው ምድር ቤት ሄደው ተነሡ። ማሽኑ አንኳኳ፤ ቆመ። እታለም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሎጋዋ ከመጋረጃው ኋላ ቆይታ ወጣች። ብርድ ልብሱ በእጇ ነበር። በክፍሉ መካከል ቆመች። ብታለብሳቸው ውሸት ነው፤ ባታለብሳቸው መንገር ነው። ፊቷ ያው ነበር፣ አንዲት ጡንቻ አልተነቃነቀም፤ ብርድ ልብሱ ግን በእጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ይህን አታየውም። እታለም ግን እርሷን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

«ሎጋዬ» አሏት፣ «ወዲህ በይው። በርዶኛል።»

ተነሥተው ከእጇ ተቀበሏትና ራሳቸው ለበሱት። ኮሪደሩ ላይ ባለቤታቸው ትከሻቸውን አይተው «ተመስገን!» አሉ። እታለም እስከ መኪናው ድረስ አላረሟቸውም።

ሕመሙ ወደ አጥንት ገብቶ ነበር። ሕክምናው ቀጠለ፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ማስታገሥ ነበር። እታለም በዚያ ጊዜ ሁሉ ፈርተዋል። ሳይፈሩ ሄዱ የሚል ሰው ቢኖር በቦታው አልነበረም ማለት ነው። እጃቸው እንዲያዝ ይፈልጉ ነበር፤ የያዘ ሁሉ ጣቶቹ ሲደቁ ያውቅ ነበር። ፊታቸው ግን ያው ነበር።

አልጋ ላይ ሳሉ ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ ሎጋዋን አስጠሩ። «ከእንግዲህ ብርድ ልብሱን ከምስሉ በፊት ስጪ» አሏት። «ለሁሉም። ለወጣቷም ለአሮጊቷም፣ በርዶኛል ላለችውም ላላለችውም። ብርድ ልብስ ወሬ መሆን የለበትም። ብርድ ልብስ ለብርድ ነው።» ከዚያን ሳምንት ጀምሮ በዚያ ክፍል እንዲሁ ይደረጋል። ስለ ምክንያቱ የሚጠይቅ ሴት የለም፤ ደስ የሚለውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስለ ልጃቸው ነው። ልጃቸው አያቷ በምን እንደሞቱ፣ እናቷ በምን እንደታመሙ እያወቀች፣ ተነሺ ሲሏት ዛሬ ነገ ትል ነበር። እታለም ከቁም ሣጥኑ አረንጓዴውን ቀሚስ እንድታወጣ አዘዟት። ገልብጠው ከውስጥ የተደረበውን ጨርቅ በጣቷ አስነኳት። ስፌቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው።

«አያትሽ ይህን ስትሰፋ ብቻዋን ነበረች» አሏት። «ፍርሃቷን ለብቻዋ ሰፋችው።»

«እማ፣ ብነሣና ቢገኝብኝስ?»

«ትፈሪያለሽ።»

«ባይገኝብኝስ?»

«ያኔም ትፈሪያለሽ። እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ጥቅም አለው?»

እታለም ቀሚሱን መልሰው አጠፉት። «ስምንት ዓመት» አሉ። «ልጅሽንም አየሁት። ቀድሜ ብነሣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሆን ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ መዋል አይቆጠርም።»

ልጃቸው በዚያው ቀን ቀጠሮ ያዘች። ይህ በዚህ ጽሑፍ እንዳይገባ ለምናን ነበር፤ እናቷ እንዲገባ አዘዋል። እኛ ደግሞ ከሁለቱ ይበልጥ የምንፈራው እናቷን ነው።

እታለም በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. በጡት ካንሰር፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ባለቤታቸው ቀኝ እጃቸውን፣ ልጃቸው ግራ እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ እንዳይነበብ አደራ ብለዋል። የሕመሙ ስም ሲነበብ አንባቢው ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግ፣ ከፍም እንዳያደርግ፣ ከጀመረበት ጋር እኩል እንዲሆን ጨምረው ተናግረዋል።

እታለም ከአምስት ዓመታት በፊት ካረፉት ከአባታችን ጎን ይቀበራሉ። ከኋላቸው ፍሬን በድንገት ረግጠው የማያውቁትን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ሦስት ታናናሾቻቸውንና ያስተማሯቸውን ብዙ ባለሙያዎች ትተዋል። ከእነዚህ አንዷ በሚመጣው ወር፣ በዚያው ምድር ቤት፣ የእታለምን ልጅ ትቀበላለች። ክፍሉ ያው ቀዝቃዛ ነው። ልጃቸው ትፈራለች፤ አባቷም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይፈራሉ፤ እኛም ሁላችን እንፈራለን። ነገር ግን በሩ ሲከፈት በትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ይኖራል፤ ምንም ማለት አይደለም፤ ስትገባም ነበር።

ለመሸኘት የመጣችሁ ሁሉ እግራችሁ አይድከም። ፈሪዋን ነፍሳቸውን የሚቀበል አምላክ፣ አንዳች ነገር ከመጠየቁ በፊት ያልብሳቸው። አሜን።